የዓሣ ዘይት በዱቄት

የዓሣ ዘይት ምን እንደሚጠቅም ብዙ ተብሏል፤ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የሚባሉት የኦሜጋ 3 ቅባቶች አሉበት፣ ይበቃል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህን ቶሎ የሚበላሽ ዘይት ዱቄት አድርጎ በሕፃናት ወተትና በዳቦ ውስጥ ሳይሸት የሚያቆየው ሙያ ነው። የሚገባውን ክብር አላገኘም።

የዲኤችኤ ሞለኪውል 22 ካርቦንና 6 ድርብ ትስስር አለው። በትስስሮቹ መካከል ያለው ሃይድሮጅን በቀላሉ ይነጠቃል፤ ኦክስጅን ይገባበታል፤ የተነካው ሞለኪውል ደግሞ ጎረቤቱን ይነካል። ብርሃን፣ ሙቀት፣ የብረትና የመዳብ ርዝራዥ ያፋጥኑታል። የሚሸተን የዚህ ፍጻሜ ነው።

አሠራሩ አጭር ነው። ዘይቱ ከውሃ፣ ከወተት ፕሮቲንና ማልቶዴክስትሪን ከሚባል ስኳር መሰል ዱቄት ጋር በኃይል ይዋሃዳል፤ ከዚያም 180 ዲግሪ ገደማ በሆነ የጋለ አየር ውስጥ ይረጫል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ጠብታው ራሱ ያን ያህል አይግልም፤ በሰከንዶች ደርቆ ይወርዳል። ጀላቲንን ከግራር ሙጫ ጋር አጣምሮ መሸፈንም ይቻላል። ይህ ዘዴ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ያለ ካርቦን ለሚገለብጥ ወረቀት ቀለም መሸፈኛ ሆኖ አገልግሏል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። «ደረቅ ስለሆነ አይበላሽም» ይባላል። ዘይቱን የሚጠብቀው ድርቀቱ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን የከበበው የፕሮቲንና የማልቶዴክስትሪን ግድግዳ ነው። ተረጭቶ የደረቀው ቅንጣት ውስጡ እንደ ዘቢብ ዳቦ ነው፤ ብዙ ጥቃቅን የዘይት ጠብታዎች በደረቀው ፕሮቲንና ስኳር መሰል ነገር ውስጥ ተበትነው ተይዘዋል። ግን ሁሉም አይያዝም፤ ጥቂቱ ላዩ ላይ ይቀራል። ዱቄት ደግሞ ከፈሳሽ ይልቅ እጅግ ሰፊ ገላ ለአየር ያጋልጣል። ስለዚህ ግድግዳ ያልተበጀለት ዘይት በዱቄት ላይ ከጠርሙስ ይልቅ ፈጥኖ ይበላሻል፤ የዓሣ ሽታን አፍንጫ በጣም በትንሹ ስለሚለይ ያችው ጥቂት ዘይት ጣሳውን በሙሉ ታስጠላለች። ደህና ላቦራቶሪ ዱቄቱን ሄክሴን በሚባል ዘይት አሟሚ ፈሳሽ በቀስታ አጥቦ የላይኛውን ዘይት የሚለካው ለዚህ ነው። ለፋብሪካ የሚገዛ ሰው ይህን ቁጥር ሳይጠይቅ መፈረም የለበትም።

የገማ ዘይትን ሸፍኖ ማዳን እንደማይቻልም ይታወቅ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለዓሣ ዘይት በኪሎ ከ5 ሚሊኢኩዊቫለንት ያልበለጠ ፐርኦክሳይድ (የመበላሸት የመጀመሪያ ምልክት) ይፈቅዳል፤ ከዚያ የበለጠ ያለበት ዘይት ወደ ማሽኑ መግባት የለበትም።

አንድ የማከብራቸው እናት የዚሁ ዱቄት ያለበትን ጣሳቸውን ምድጃው አጠገብ ከፍተው፣ በእርጥብ ማንኪያ ሲጨልፉ አየሁና ተቆጣሁ። «ዱቄት አይደል እንዴ ልጄ፣ ምን ይሆናል?» አሉኝ። እማማ፣ ይሆናል! ግድግዳው ደረቅ ሳለ እንደ መስታወት ጠንካራ ነው፤ ለኦክስጅን በቀላሉ አይከፍትም። እርጥበት ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፣ ዘይቱን ይለቃል። ጣሳውን ግጥም አድርጎ መክደን፣ ማንኪያውን ማድረቅ፣ ከእንፋሎት ማራቅ ነው። የተጓጎለውን ሰባብሮ በወንፊት መንፋት ግን ከንቱ ድካም ነው፤ አንዴ የወጣው ዘይት ተመልሶ አይገባም።