ከመሬት ቀያሽነት ወደ ሕግ አውጪነት

አብርሃም ሊንከን የሚባለውን ሰው ብዙዎቻችን በስም እናውቀዋለን። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እንደ ነበረ፣ በዘመኑም የባሪያ ሥርዓት እንደ ፈረሰ ሰምተናል። እዚህ የምናወራው ግን ስለዚያ አይደለም። ፕሬዚዳንት ከመሆኑ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት የአካባቢውን ገበሬዎች ወክሎ ስለ ሠራበት ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ የብዙ ግዛቶች ኅብረት ናት። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አለው። ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ግዛቱ ግብር የሚወስነው ይኸው ምክር ቤት ነው። ግዛቱ ደግሞ እንደ ወረዳ ባሉ አስተዳደሮች ይከፈላል። እነዚህ ካውንቲ ይባላሉ። ሊንከን የተወከለው ሳንጋሞን ከሚባለው ካውንቲ ነበር።

ሊንከን በ1809 በኬንታኪ ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርት ቤት የቆየበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። የቀረውን የተማረው መጽሐፍ እየተዋሰ ነው። በ1831 ኒው ሳሌም ወደምትባል ትንሽ መንደር መጥቶ በሱቅ ሠራተኛነት ተቀጠረ።

በ1832 ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ ለግዛቱ ምክር ቤት ተወዳደረ። ቃል የገባው የገበሬው እህል በጀልባ እንዲጓዝ ወንዙ እንዲጠረግ፣ ትምህርት እንዲስፋፋና አራጣ በሕግ እንዲገደብ ለመሥራት ነበር። ለ4 መቀመጫ 13 ሰዎች ቀረቡ። ሊንከን 8ኛ ወጣና ተሸነፈ። ነገር ግን በመንደሩ ምርጫ ጣቢያ ከ300 ድምፅ 277ቱን ያገኘው እሱ ነው። የሚያውቁት መረጡት፤ የማያውቁት ዘለሉት ማለት ነው።

ታዲያ ሰው እንዴት አወቀው? በሥራው ነው። በ1833 ሁለት ሥራ ያዘ። አንዱ የመንደሩ ፖስታ ቤት ኃላፊነት ነው። ደብዳቤዎቹን ባርኔጣው ውስጥ ከትቶ ለባለቤቶቹ ያደርስ ነበር ይባላል። ጋዜጣም በፖስታ ይመጣ ስለ ነበር፣ ለባለቤቱ ሳይሰጥ በፊት ራሱ ያነበዋል። ሁለተኛው የካውንቲው ረዳት መሬት ቀያሽነት ነው። በእኛ አገር ቃላድ ይጣል እንደ ነበረ፣ እዚያም መሬት የሚለካው በብረት ሰንሰለትና አቅጣጫ በሚያሳይ ኮምፓስ ነበር። ሥራውን አያውቀውም ነበር፤ መጽሐፍ ይዞ ተቀምጦ ተማረው። ከዚያ በኋላ የገበሬውን ድንበር ለካ፣ መንገድ ቀየሰ። በ1836 የቀየሳት ፒተርስበርግ የምትባል ከተማ ዛሬም አለች። በድንበር የተጣሉ ጎረቤታሞችም እየጠሩት ያስለኩ ነበር። ድንበር የሚለካ ሰው ካዳላ ወዲያው እንደሚታወቅበት ገበሬ ሁሉ ያውቃል።

በ1834 እንደገና ቀረበ። አንድ ቀን በአጨዳ ላይ ያሉ ሰዎች ማጨድ ለማይችል ሰው ድምፅ አንሰጥም ቢሉት፣ ማጨጃውን ተቀብሎ ከፊት እየመራ አጨደ ተብሎ ይነገራል። በዚህ ምርጫ ከ13 ተወዳዳሪዎች 2ኛ ወጥቶ ተመረጠ። ለምክር ቤት የሚሆን ልብስ ስላልነበረው ከጎረቤት ገንዘብ ተበደረ። ዕዳ ደግሞ ቀድሞም ነበረበት። ከሰው ጋር የከፈተው ሱቅ ከስሮ ፈረሱና የመቀየሻ ዕቃው በፍርድ ተሸጡበት። አንድ ጎረቤቱ በሐራጅ ገዝቶ መለሰለት።

በምክር ቤቱ 4 ጊዜ ተመርጦ አገለገለ። ትልቁ ነገር የመጣው በ1837 ነው። ምክር ቤቱ በብድር ገንዘብ የባቡር ሐዲድ፣ ቦይና መንገድ እንዲሠራ ሕግ አወጣ። ወጪው 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ያኔ የግዛቱ ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። እያንዳንዱ ተወካይ ለአካባቢው አንድ ነገር ይዞ መመለስ ፈለገ። ሐዲድ ላልደረሳቸው ካውንቲዎችም ለመንገድና ለድልድይ የሚከፋፈል 200 ሺህ ዶላር ተመደበላቸው። ሊንከን ከዋነኞቹ ደጋፊዎች አንዱ ነበር። በዚያው ጊዜ እሱና ሌሎች 8 የሳንጋሞን ተወካዮች የግዛቱ ዋና ከተማ ከቫንዴሊያ ወደ ስፕሪንግፊልድ፣ ማለትም ወደ ራሳቸው ካውንቲ፣ እንዲዛወር አስወሰኑ። ዘጠኙም ቁመታሞች ስለ ነበሩ ረጃጅሞቹ ዘጠኝ ተባሉ። ድምፅ በድምፅ ለዋውጠዋል ተብለው ተከሰሱ፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከሩበታል።

በዚሁ ዓመት ሌላም ነገር አለ። የግዛቱ ምክር ቤት የባሪያ ሥርዓት ይቅር የሚሉትን ማኅበሮች የሚያወግዝ ውሳኔ አሳለፈ። 77 ሲደግፉ 6 ተቃወሙ፤ ሊንከን ከ6ቱ አንዱ ነበር። ዳን ስቶን ከሚባል ሌላ ተወካይ ጋር ሆኖም የባሪያ ሥርዓት በግፍ ላይ የቆመ ነው የሚል ተቃውሞ ጽፎ አስመዘገበ። ይሁን እንጂ የማኅበሮቹ ቅስቀሳ ክፋቱን ያብሰዋል የሚል ቃልም በጽሑፉ ውስጥ ነበር። ገና ሙሉ በሙሉ አልደፈረም።

ብድሩስ ምን ሆነ? በዚያው በ1837 በአገሪቱ ላይ የገንዘብ ቀውስ ወረደ። ሐዲዱ በብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ተጀምሮ ስለ ነበር በየቦታው ተቆራርጦ ቀረ። ብዙዎች ይቁም ሲሉ ሊንከን ዕቅዱን መደገፉን ቀጠለ። እኛ በዚህ አናመሰግነውም። ድንበር ሲለካ ያሳይ የነበረውን ጥንቃቄ በብድሩ ላይ አላሳየም። በመጨረሻ ተሠርቶ ያለቀው፣ በ1842 ስፕሪንግፊልድ የደረሰው አንድ መሥመር ብቻ ነው። በብዙ መቶ ሺህ ዶላር የተሠራው ይህ መሥመር በ1847 በ21,100 ዶላር ተሸጠ። ግዛቱ የዕዳውን ወለድ እንኳ መክፈል አቃተው።

ሊንከን በ1842 እንደገና ለግዛቱ ምክር ቤት አልተወዳደረም። ዕዳው ግን ከግብር ከፋዩ ጋር ቀረ። በ1848 የጸደቀው የኢሊኖይ ሕገ መንግሥት በንብረት ሁሉ ላይ ለዕዳው መክፈያ የሚሆን የተለየ ግብር ጣለ። ለወደፊቱም ጦርነት ካልመጣ በቀር ግዛቱ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ መበደር ቢፈልግ፣ ሕዝቡ አስቀድሞ በድምፁ እንዲፈቅድ አዘዘ።