ውሃ በገባበት በኩል አይንጠባጠብም

ከፎምና ከሸራ የተሠራች የካምፕ ተሳቢ ለምን ታፈሳለች? እንዴትስ ትጠገናለች?

ሁለት ሰው ብቻ የምታስተኛ፣ ከፊቷ ክብ ሆና ወደ ኋላ የምትሾል ትንሽ የካምፕ ተሳቢ በአሜሪካ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀች ናት። ባለቤቶቿ ብዙውን ጊዜ ሠሪዎቿም ናቸው፤ ቀድሞ በኮምፔንሳቶና በአልሙኒየም ያበጇት ነበር። አሁን አንዳንዶቹ እንጨቱን ከሞላ ጎደል ትተው፣ ለቤት ግድግዳ ሙቀት መጠበቂያ የሚሸጠውን ሮዝ ወይም ሰማያዊ ጠንካራ ፎም እየቆረጡ ይገጣጥማሉ። ከዚያ ቀለም ቀቢዎች ወለል እንዳይበላሽ የሚያነጥፉትን የጥጥ ሸራ በእንጨት ኮላ እያራሱ ፎሙ ላይ ይለጥፉና የውጭ ግድግዳ ቀለም ደጋግመው ይቀቡታል። ልባሱን «የድሃ ፋይበርግላስ» ይሉታል።

ዘዴው የቆየ ሥር አለው። በሜይን ግዛት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሸራ የተወጠረባቸውና ቀለም የተቀቡ የእንጨት ታንኳዎች ተሠርተዋል፤ ወንዝና ሐይቅም ቀዝፈዋል። ስለዚህ ሸራና ቀለም ተባብረው ውሃ መመለስ አያቅታቸውም። ነገር ግን ታንኳ መስኮት የለውም፣ በር የለውም፣ ጣሪያው ላይ የተበሳ የአየር ማስገቢያም የለውም። ተሳቢዋ ሁሉም አላት፤ ውሃም የሚገባው በእነዚሁ ዙሪያ ነው።

ብዙ ሰው ጠብታ ሲያይ ወዲያው ሲሊኮን ገዝቶ ጠብታው ከወረደበት በላይ ይለቀልቃል። ዝናቡ ሲመለስ ጠብታውም ይመለሳል፤ ምናልባት አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብሎ። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ውሃው በልባሱ ውስጥ የሚጓዝበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

ፎሙ አይጠጣም፣ ሸራው ይጠጣል

ቴሌቪዥን የሚታሸግበት፣ በጣት ሲፈረፍሩት ፍሬ ፍሬ የሚሆነው ነጭ ፎም የተሠራው ተነፍተው እርስ በርስ ከተጣበቁ የፖሊስታይሪን ፍሬዎች ነው። በፍሬዎቹ መካከል ውሃ ቀስ እያለ ሊያልፍ ይችላል። ተሳቢ የሚሠራበት ግን ቀልጦ በግፊት ከማሽን የወጣ ፖሊስታይሪን ነው። ከይዘቱ 97 በመቶ ያህሉ ጋዝ ቢሆንም ጋዙ የተያዘው አንዱ ከሌላው በተዘጋ ጥቃቅን ክፍል ውስጥ ስለሆነ ውሃ የሚሻገርበት ቀዳዳ አያገኝም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ይህን ፎም ለነፍስ አድን ታንኳ የመረጡት በዚሁ ባሕርይው ነበር። እንግዲህ በደኅናው ግድግዳ መሃል የምታፈስ ተሳቢ እምብዛም አትገኝም።

ሸራው ግን ጥጥ ነው፤ ጥጥም ውሃ የሚወድ ሴሉሎስ ነው። ቀለም የሸፈነው ገጽ ዝናቡን ይመልሳል። መስኮት ለመግጠም በምላጭ የተቆረጠው ጠርዝ ግን ቀለም ካልጠጣ እንደ ኩራዝ ክር ይሆናል፤ ጫፉ ውሃ ከነካ እስከ ውስጥ ድረስ ይስባል። ይህ የካፒላሪ ኃይል ይባላል። ውሃ ከሚያርሰው ነገር ጋር ይጣበቃል፤ የገጹ ውጥረት ደግሞ ከኋላ ያለውን ውሃ ይጎትታል። ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር ጉልበቱ ይበረታል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ስንጥቅ ውስጥ ውሃ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ስንጥቁ 0.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ወደ ጎን ሲሄድ የሚታገለው ክብደት ስለሌለ ከዚያም በላይ ይርቃል። ዓይን የማያየው ስንጥቅ በግልጽ ከሚታየው ቀዳዳ ይልቅ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ሌላው ደካማ ጎን ከሸራው ሥር ያለው ኮላ ነው። የእንጨት ኮላ ፖሊቪኒል አሲቴት የተባለው ፕላስቲክ በውሃ ውስጥ የተበተነበት ነው። ውሃ ይቋቋማሉ ተብለው የሚሸጡት ዓይነቶች እንኳ ዝናብ እንዲችሉ እንጂ ዘወትር እርጥብ ሆነው እንዲኖሩ አልተሠሩም። በሸራ ታፍኖ የቆየ እርጥበት ኮላውን ያለሰልሰዋል፤ ሸራው ከፎሙ ይላቀቅና በመካከላቸው ኪስ ይፈጠራል። ፀሐይ ስትበረታ የታፈነው ውሃ እንፋሎት እየሆነ ቀለሙን ከውስጥ ይገፋዋል። ጠዋት ያልነበረ እባጭ ቀትር ላይ ብቅ የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። እባጩን በጣት ሲጫኑት ከታች ጠብ የሚል ውሃ ካለ፣ መግቢያው ብዙውን ጊዜ ከእባጩ በላይ ይገኛል።

ስንጥቁን የሚከፍተው ምንድን ነው?

ተሳቢዋ አዲስ ሳለች ያልነበረው ስንጥቅ በአብዛኛው የሙቀት ሥራ ነው። ፖሊስታይሪን ሲሞቅ ከብዙ የግንባታ ዕቃ ይበልጥ ይለጠጣል። 2.4 ሜትር ርዝመት ያለው የፎም ሰሌዳ ሙሉ በሙሉ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በርዝመት እኩያው የሆነ አልሙኒየም ግን 2 ሚሊ ሜትር ቢጨምር ነው። በእርግጥ ፀሐይ በዋናነት የምታሞቀው የውጩን ፊት ስለሆነ ሰሌዳው ሙሉውን ያህል አይረዝምም፤ በከፊል ይጎብጣል። ቢሆንም የአልሙኒየሙ የመስኮት ፍሬምና ፎሙ እኩል አይንቀሳቀሱም፤ በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ በየቀኑ አንዴ ይሳባል፣ አንዴ ይጨመቃል። ደርቆ የጠነከረ ኮላ ወይም ስቱኮ ይህን አይችልም፤ ይሰነጠቃል። ፎም በሁለት ቆርቆሮ መካከል የተጣበቀበት ሳንድዊች ፓነል በተገጠመላቸው የአገራችን መጋዘኖችና ጊዜያዊ ቢሮዎችም ከመሃል ሰሌዳው ይልቅ መገጣጠሚያውና የብሎን ቀዳዳው ነው ክትትል የሚፈልገው።

ቀለሙ ጥቁር ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ፎም አምራቾች ዕቃቸው ከ74 ዲግሪ በላይ በሚሞቅበት ቦታ እንዲውል አይመክሩም። ጥቁር ጣሪያ ደግሞ ከሥሩ ያለው ፎም ሙቀቱን ወደ ታች ስለማያሳልፍለት በበጋ ቀትር ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል። ነጭ ቀለም መምረጥ ከጥገናዎች ሁሉ ርካሹ ነው።

ከሙቀት ቀጥሎ መንገዱ አለ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትጎተት የተሳቢዋ ፊት 460 ፓስካል የሚጠጋ የአየር ግፊት ሊያርፍበት ይችላል፤ ይህ 4.7 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ከሚያሳርፈው ግፊት ጋር እኩል ነው። ቆማ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብባት ያላፈሰሰች ተሳቢ በዝናብ ስትጎተት ፍራሿ ርሶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ንዝረቱም የራሱን ያበላሻል። ፎም ቪቴ ስለማይዝ ቪቴው የሚነክሰው ፎሙ ውስጥ ተቀብሮ የተለጠፈ እንጨት ነው። ውሃ የቪቴውን ጥርስ ተከትሎ እንጨቱ ጋ ይደርሳል። የእንጨቱ እርጥበት ለረጅም ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ከቆየ ለብስባሽ ፈንገስ መንገድ ይከፈታል፤ እንጨቱ ሲበሰብስ ቪቴው ይላላል፣ ቪቴው ሲላላ ቀዳዳው ይሰፋል።

በእርግጥ ዝናብ ነው?

ጠዋት ፍራሹ ሥር እርጥበት ተገኘ ማለት ሁልጊዜ ተሳቢዋ አፈሰሰች ማለት አይደለም። የተኛ ሰው በትንፋሹና በቆዳው ውሃ ያወጣል፤ ሁለት ሰዎች ለ8 ሰዓት ሲተኙ ግማሽ ሊትር ያህል ይሆናል። 3.5 ሜትር ኩብ አየር የምትይዝ ትንሽ ተሳቢ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ በ20 ዲግሪ ሊሸከም የሚችለው እንፋሎት 60 ግራም አካባቢ ነው። አየር ካልተለወጠ ትርፉ ከሁሉ የቀዘቀዘው ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል፤ መስታወቱ ላይ፣ የአልሙኒየሙ ፍሬም ላይ፣ የቪቴው ራስ ላይ፣ ከፍራሹ ሥር።

ሁለቱን መለየት አያስቸግርም። ሳይዘንብ ሰው ካደረባት በኋላ ከረጠበች ጤዛ ነው፤ ሰው ሳያድርባት ዘንቦ ከረጠበች ግን አፍስሳለች። ጤዛን የሚቀንሰው አየር ከታች ገብቶ ከላይ እንዲወጣ መክፈት ነው። መስኮቱ ሁሉ በማሸጊያ ሲለቀለቅ ግን ጤዛው ይበዛል፤ እንፋሎቱ ይወጣበት የነበረው ክፍተትም ይዘጋልና።

ከታች ወደ ላይ መፈለግ

አንዴ የገባ ውሃ በሸራውና በፎሙ መካከል፣ በሰሌዳዎቹ መጋጠሚያና በወለሉ ጠርዝ እየተንሸራተተ ዝቅተኛውን ቦታ እስኪያገኝ ይሄዳል። ጠብታው የሚያሳየው መውጫውን ነው። መግቢያውን ለማግኘት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ባትሪና ደረቅ ሶፍት ይዞ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው ከውጭ በጎማ ውሃ ያለ ኃይል ያፈስሳል። በመጀመሪያ የግድግዳው ታች ይረጥባል፣ ቀጥሎ የበሩ ደፍ፣ ቀጥሎ የመስኮቱ ግርጌ፣ ከዚያ ጎንና ጎኑ፣ ከዚያ ራስጌው፣ በመጨረሻ ጣሪያው። ካፒላሪ ጊዜ ስለሚፈልግ በየቦታው ጥቂት ደቂቃ መቆየት ግድ ነው። ከጣሪያው የጀመረ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያረጥብና የትኛው እንዳስገባ ሳያውቅ ይቀራል።

ውሃ መርጨት ካልተፈለገ በር መስኮቱን ዘግቶ በአንድ ቀዳዳ ብቻ በቬንትሌተር አየር ወደ ውስጥ መንፋት፣ ከውጭ ደግሞ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ መቀባት ይቻላል። አረፋ የሚኩረፈረፍበት ቦታ አየር እያስወጣ ነው፤ አየር ያስወጣ ቦታ ውሃም ያስገባል ተብሎ ይጠረጠራል።

የመስኮቱ ግርጌ ሲጠገን

አስቸጋሪውን ቦታ፣ የመስኮቱን የታች ማዕዘን እንውሰድ። ፍሬሙ መፈታት አለበት። በአሮጌ ማሸጊያ ላይ አዲስ መደረብ ከሥር ያለውን መንገድ አይዘጋውም። ፍሬሙ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚታየው የሸራው ጠርዝ ጠቁሮና ክሩ ተበትኖ፣ ሲደርቅ ብርሃን ያሳልፍ የነበረው ኮላም እንደ ወተት ነጥቶ ነው። ንጣቱ ኮላው ውሃ መጠጣቱን ያሳብቃል። የላላው ሸራ በደንብ የተጣበቀው እስኪገኝ ድረስ እየተቆረጠ ይነሳል። ከዚያ ማድረቅ ነው፤ በጥላ ሥር በቬንትሌተር ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ለማፋጠን ብሎ ሙቅ አየር የሚተፋ መሣሪያ ማስጠጋት ፎሙን ያኮማትረዋል።

የፎሙ ገጽ ልሙጥ ስለሆነ ኮላ እንዲይዝ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ይሻከራል። አዲሱ ቁራጭ ሸራ በነባሩ ላይ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር እንዲያርፍ ተደርጎ ይቆረጣል። ሹል ማዕዘን ቀድሞ ስለሚላጥ ማዕዘኖቹ ይከበባሉ። ሸራው በመስኮቱ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ይታጠፍና የተቆረጠው ጫፍ ዝናብ በማይነካው በውስጥ በኩል ያልቃል። ኮላው ሸራውን ከሥርም ከላይም ማራስ አለበት፤ በሚገባ ሲደርቅ ሁለት ሦስት እጅ ቀለም ይከተላል፣ ጫፉ ላይ ሳይሰሰት። መደራረብ ባለበት ሁሉ የላይኛው በታችኛው ላይ ይተኛል፤ የሚወርደው ውሃ መጋጠሚያውን ዘሎ እንዲያልፍ።

ከፍሬሙ ጀርባ ቡቲል የተባለው የማይደርቅ የጎማ ቴፕ ዙሪያውን ይለጠፋል። ፍሬሙ ሲጠብቅ ቴፑ ተጨምቆ ክፍተቱን ይሞላል፤ ለስላሳ እንደሆነ ስለሚቆይም ፎሙ ሲንቀሳቀስ አብሮት ይሄዳል። ራስጌውና ሁለቱ ጎኖች በተጨማሪ ተጣጣፊ በሆነ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይዘጋሉ። ግርጌው ላይ ግን የፍሬሙ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ስላሉ እነሱን መድፈን ከላይ የገባውን ውሃ እዚያው ማሰር ነው።

ማሸጊያ ሲመረጥ ኬሚስትሪውን ማሰብ ይገባል። ሲሊኮን ቀለም አይዝም፤ አዲስ ሲሊኮንም በደረቀ ሲሊኮን ላይ በደንብ አይጣበቅም። ስለዚህ አንዴ የተለቀለቀበት ቦታ ለሚቀጥለው ጥገና አስቸጋሪ ይሆናል። ከዚህ የባሰው ፖሊስታይሪንን የሚያሟሟው ነው። ቤንዚን፣ አሴቶንና ቲነር ፎሙን ይበሉታል፤ ለመኪና አካል የሚውለው የፖሊስተር ሬዚንም ስታይሪን ስላለበት እንዲሁ ያደርጋል። ኢፖክሲ ግን አይጎዳውም። ያልታወቀ ማሸጊያ በተሳቢዋ ላይ ከመዋሉ በፊት በቁራጭ ፎም ላይ ተቀብቶ ማደር አለበት።

መውጫ መተው

ከጥገናው በኋላ የሚቀረው ውሃው ራሱ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ጣሪያው ውሃ የሚያቁርበት ዝቅ ያለ ቦታ ካለው ከፍ ብሎ መስተካከል አለበት፤ ለሰዓታት የተኛ ውሃ ጥቃቅኑን ስንጥቅ ሁሉ ለመሞከር ጊዜ ያገኛል። የጣሪያው ክፈፍ ሥር ደግሞ ጠርዙን ተከትሎ ቀጭን ቦይ ይቆፈራል ወይም ወደ ታች የሚያንጠለጥል ጠርዝ ይገጠማል። ያ ከሌለ ውሃ በገጹ ውጥረት ክፈፉን ከሥሩ ሙጥኝ ብሎ ወደ ግድግዳው ይንሸራተታል፤ ቦዩ ላይ ሲደርስ ግን መያዣው ይቋረጥና ይወድቃል።

በመጨረሻም ለምታፈስ ተሳቢ ቀዳዳ መጨመር ተገቢ ነው። ማሸጊያ ሁሉ ከጊዜ ብዛት ስለሚያረጅ አንድ ቀን ውሃ መግባቱ አይቀርም። በወለሉ ዝቅተኛ ጥጎች ወደ ታች የሚከፈቱ፣ የውስጥ ግድግዳቸው በኮላና በቀለም የተሸፈነ ትናንሽ ቀዳዳዎች የገባው ሳይከርም እንዲወጣ ያደርጋሉ። ጥቅማቸው በዚህ አያበቃም፤ ከዝናብ በኋላ ከአንዱ ቀዳዳ ውሃ ሲወርድ ባለቤቱ ፍራሹ ሳይረጥብ፣ ኮላው ሳይነጣ፣ እንጨቱም ሳይበሰብስ በየትኛው ወገን መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።