የተሻረው የትኛው ነው?

«ይሄ መመሪያ አሁንም ይሠራል?» በወረዳ የሕግ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ከሁሉ በላይ የሚመላለሰው ጥያቄ ይህ ነው። ጠያቂው የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ይሆናል፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር ይሆናል፣ የማዘጋጃ ቤት ገቢ ሰብሳቢ ይሆናል፤ አንዳንዴም የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነው። በእጁ የያዘው ወረቀት የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው። ራስጌው ተቆርጧል፣ ማኅተሙ ጥቁር ክብ ሆኖ ቀርቷል፣ የወጣበት ቀን አይነበብም። ከደብረ ታቦር እስከ ነፋስ መውጫ፣ ከእስቴ እስከ አዲስ ዘመን በሥራ ስዘዋወር ያየሁት ይኸው ነው። የሕግ እጥረት የለብንም። ካለን ሕግ የትኛው በሥራ ላይ እንዳለ፣ የትኛው እንደተሻሻለ፣ የትኛው ጨርሶ እንደተሻረ ግን በአንድ ቦታ ተጽፎ አይገኝም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ አወራረዱን ባጭሩ ልንገር። የአማራ ክልል ምክር ቤት አዋጅ ያወጣል፤ መስተዳድር ምክር ቤቱ ደንብ ያወጣል። ሁለቱም በክልሉ ምክር ቤት ጠባቂነት በሚወጣው «ዝክረ ሕግ» ጋዜጣ ላይ፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ሆነው ይታተማሉ። ቢሮዎች የሚያወጡት መመሪያ ግን በሸኚ ደብዳቤ ተያይዞ በዞን በኩል ነው የሚወርደው። ከዚያ በታች የወረዳ ምክር ቤት ውሳኔ አለ፣ የከተማ አገልግሎት ክፍያ ተመን አለ፣ በመጨረሻም የቀበሌና የጎጥ ነዋሪ ተሰብስቦ የሚስማማበት መተዳደሪያ ደንብ አለ። ገበሬውን በዕለት ኑሮው የሚነካው ከታች ያለው ነው። በወጉ ተመዝግቦ የማይቀመጠውም እሱው ነው።

የገጠር መሬቱን ሕግ ብቻ እንውሰድ። የ1967ቱን አዋጅ ቁጥር 31 ትተን በክልሉ የወጣውን ብንከተል፣ ለ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 16 አለ። አዋጅ ቁጥር 46/1992 መጣ፤ እሱን አዋጅ ቁጥር 133/1998 ተካው፤ ማስፈጸሚያ ደንብ ቁጥር 51/1999 ወጣለት። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 252/2009 133ን ተካ፤ ደንብ ቁጥር 159/2010 ተከተለ። በፌዴራል በኩልም 89/1989 በ456/1997፣ እሱም በ1324/2016 ተተክቷል። ክልሉ የመሬት ሕግ የሚያወጣው በፌዴራሉ ሕግ ማዕቀፍ ሥር ስለሆነ፣ የላይኛው በተቀየረ ቁጥር የታችኛውን አንቀጽ በአንቀጽ መልሶ ማየት ግድ ይላል።

ይህ ሁሉ ቁጥር የቢሮ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ነገር ያስተውል። አዋጅ 252/2009 ካመጣቸው አዳዲስ ነገሮች አንዱ ባለይዞታው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን በዋስትና አስይዞ እንዲበደር መፍቀዱ ነው። አዋጅ 133 ለአርሶ አደሩ ይህን በር አልከፈተለትም ነበር። እንግዲህ በጋይንት ደጋ የድንች ዘር ለመግዛት ብድር የሚፈልግ ገበሬ አረንጓዴውን የይዞታ ደብተር ይዞ ቢሄድና በባለሙያው መሳቢያ ውስጥ ያለው የ1998ቱ ቅጂ ብቻ ቢሆን፣ «አይፈቀድም» ተብሎ ይመለሳል። ባለሙያው አልዋሸም፤ የያዘው ወረቀት ያለውን ነው የነገረው።

በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ አለ። አንዱ አዋጅ በአማርኛው 252/2009፣ በእንግሊዝኛው 252/2017 ተብሎ ይጠራል። ለሥራው አዲስ የሆነ ባለሙያ ሁለት ሕግ መስሎት አንዱን ሲፈልግ ይውላል። ስለዚህ በማወጣው ዝርዝር ሁሉ ሁለቱንም ዓመት ጎን ለጎን እጽፋለሁ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን በአብዛኞቹ ሕጎች መጨረሻ ገደማ የሚገኘው፣ የተሻሩና ተፈጻሚነት የማይኖራቸው ሕጎችን የሚመለከተው አንቀጽ ነው። መጀመሪያ እከሌ አዋጅ ተሽሯል ብሎ በቁጥር ይጠቅሳል፤ ይህ መልካም ነው። ቀጥሎ ግን ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማናቸውም ሕግ፣ መመሪያም ሆነ ልማዳዊ አሠራር ተፈጻሚ አይሆንም ይልና ያልፋል። የሚቃረነው የትኛው ነው? ረቂቁን ያዘጋጀው ባለሙያ፣ ሰነዱን ሁሉ ዙሪያውን ደርድሮ፣ ጊዜ ተሰጥቶት ያልመለሰውን ጥያቄ በጉና ተራራ ሥር ያለ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ በአንድ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ እንዲመልሰው ይተውለታል። ይህ አግባብ አይደለም። ውጤቱንም እናየዋለን፤ አንዱ ወረዳ የድሮው መመሪያ ቀርቷል ብሎ ያስባል፣ ጎረቤቱ ወረዳ በዚያው መመሪያ ክፍያ ይሰበስባል። ድንበር ላይ ያለው ሰው የትኛውን ይመን?

አርቃቂዎች መልስ አላቸው። የተሻረውን ሁሉ በስም መዘርዘር አይቻልም፣ የወጣውን መመሪያ ሁሉ የያዘ መዝገብ የለም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ዝርዝር ስለሌለ በጅምላ ይሻራል፤ በጅምላ ስለሚሻር ዝርዝር አይኖርም። ይህን ክብ አንድ ቦታ ላይ መቁረጥ አለብን፤ የሚቆረጠውም ከታች ከወረዳ ጀምሮ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የወረዳ ሰነድ በአንድ መደርደሪያ ይገባል።

ሥራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰነድ ለራሱ ማህደር ይከፈትለታል። የፊተኛው ገጽ ላይ ማን እንዳወጣው፣ መቼ እንደጸደቀ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና፣ የትኛውን እንደሚያሻሽል፣ የትኛውን እንደሚሽር ይጻፋል። ከጎኑ አንድ ቃል ይቀመጣል፤ በሥራ ላይ፣ በከፊል የተሻሻለ፣ ወይም የተሻረ። ማሻሻያ ሲመጣ ከኋላ መስፋት አይበቃም። የማሻሻያው አዋጅ «ንዑስ አንቀጽ 3 ተሰርዞ በአዲስ ንዑስ አንቀጽ 3 ተተክቷል፣ ነባሮቹ 4 እና 5 እንደ ቅደም ተከተላቸው 5 እና 6 ሆነዋል» ሲል፣ ያንን በዋናው ጽሑፍ ውስጥ አስገብቶ አዲስ የተጠቃለለ ቅጂ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ከዚያም ሰው የሚረሳው ሥራ ይቀራል። በሌላ መመሪያ ውስጥ «በንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት» የሚል ካለ፣ ቁጥሩ ስለተሸጋሸገ ከአሁን ወዲያ የሚያመለክተው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቅጣት ከጥፋቱ ተለይቶ ከማይገናኘው ነገር ጋር ሊጣበቅ ይችላል። እነዚህን ጠቋሚዎች አንድ በአንድ መከተል አድካሚ ነው፤ ያለ እሱ ግን ማህደሩ ማህደር አይሆንም።

የተሻረውም አይጣልም። አንዲት እናት ከገጠር በፌስታል የተጠቀለለ የስጦታ ውል ይዘው መጡ። ውሉ የተደረገው አዋጅ 133/1998 በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ ነው፤ አሁን የወንድማቸው ልጅ ይከራከራቸዋል። እንዲህ ያለ ውል የሚመዘነው በተደረገበት ጊዜ በነበረው ሕግ ነው። ጉዳዩን የያዘው ክፍል ግን ያንን አዋጅ «ተሽሯል» ብሎ ከመደርደሪያው አውጥቶታል። «ልጄ፣ ያን ጊዜ የነበረው ሕግ የት ሄደ?» አሉኝ። «አለ እናቴ፣ ይገኛል» አልኳቸው፤ የተገኘውም ከአንድ ጡረተኛ ዳኛ ቤት ነው። የዜጋ መብት በጡረተኛ ቤት መደርደሪያ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

አሁን አሁን ሕጉ ሁሉ በቴሌግራም ይገኛል የሚል አለ። ይገኛል፤ የሚገኘው ግን በስካን የተነሳ ፎቶ ነው፤ ገጽ ይጎድለዋል፣ ቃል ፈልግ ቢሉት አይፈልግም። በጽሑፍ የተለቀመውም ቢሆን አንዱ «ሕግ» ሌላው «ህግ»፣ አንዱ «ውሣኔ» ሌላው «ውሳኔ» እያለ ስለሚጽፍ ፍለጋው ግማሹን ይዘለዋል። በኮምፒዩተር ማህደር ለሚያደራጅ ባልደረባዬ የምመክረው የታተመውን ጽሑፍ ሆሄ ሳይነካ እንዲያስቀምጥ፣ ለመፈለጊያ ግን ሞክሼ ሆሄያቱን አንድ ያደረገ ሌላ ቅጂ ከጎኑ እንዲያኖር ነው።

ወደ ቀበሌው ደንብ ልመለስ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነውና። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ የጉማራና የርብ ወንዞች ከእሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በግርጌው ያሉ ሰዎች የተራቆተውን ተዳፋት ከልቅ ግጦሽ ከልለው፣ ሣሩን አጭደው ለመካፈል የተስማሙበት ደንብ አላቸው። አንዱን ደብተር በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ጠንካራ ልባስ አለው፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ ከግርጌው ፊርማና የጣት አሻራ ተደርድሮበታል። በሁለተኛው ገጽ መካከል የቅጣቱ መጠን በጥቁር እስክሪብቶ ተሰርዞ ሌላ ቁጥር ተጽፎበታል። አጠገቡ ፊርማ የለም፣ ቀን የለም። ማን ለወጠው? ጉባኤው ነው ወይስ አንድ ሰው? በዚያች መስመር የተነሣ አንድ ሰው በሬው ተይዞበት ቅጣቱን አልከፍልም ቢል፣ እኔ እንደ ባለሙያ እሱን ተሳስተሃል ለማለት የሚያስችለኝ ነገር የለም። ደብተሩ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የሚቀመጠውም በሊቀ መንበሩ ቤት ነው። ሊቀ መንበር ሲለወጥ ደብተሩ አብሮ ይሰወራል። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ፣ በአንድ ክፍል ብቻ የተቀመጠ ወረቀት ምን ያህል ዋስትና እንደሌለው ሁላችንም አይተናል።

ይህ ሕዝብ የጽሑፍን እውነተኛነት መጠበቅ አያውቅም የሚለኝ ሰው ካለ ጋይንት ይሂድ። ድጓ የትም ቢማሩ ምስክር የሚሆኑት እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ነው። ዜማውና ንባቡ እዚያ ይታረማል፤ እዚያ ያልታረመ ሊቅ አይባልም። ለሕጋችንም እንዲህ ያለ አንድ ምስክር ቤት ያስፈልገናል፤ ሁሉም ቅጂ ከእሱ ጋር ተያይቶ የሚታረምበት። በጉዳይ መደርደሩም ቢሆን እንግዳ አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ካጠናቀረው የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ መንፈሳዊውን በ22፣ ሥጋዊውን በ29 አንቀጽ ከፍሎ በድምሩ 51 አድርጎ የያዘ ነው። ጋብቻ የፈለገ ጋብቻ ላይ፣ ውርስ የፈለገ ውርስ ላይ ይከፍታል። ዛሬ የእኛ ማህደር የተደረደረው በወጣበት ቀን ነው፤ መቼ እንደወጣ ያላወቀ ሰው አያገኘውም።

በአገር ደረጃም ሥራው ተጀምሮ ያውቃል። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ከተመሠረተ በኋላ የወጡትን ሕጎች የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ አጠናቅሮ፣ እስከ 1961 ማብቂያ በሥራ ላይ የነበሩትን በጉዳይ ለይቶ አሳትሟል። ብዙ ሳይቆይ አብዮቱ መጣ፤ የመሬቱ ክፍል በአንድ አዋጅ ታሪክ ሆነ። ያ ሥራ ያስተማረኝ፣ ማጠናቀር አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ ሳይሆን ቋሚ ሠራተኛና ቋሚ በጀት የሚፈልግ መሆኑን ነው። ጎረቤታችን ኬንያ 47 ካውንቲዎቿ ሕግ ሲያወጡ ያንን የሚሰበስብ አገራዊ ተቋም አላት። እኛም በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አለን፤ የፌዴራል ተቋማት መመሪያቸውን እንዲያስመዘግቡና በድረ ገጽ እንዲያወጡ ያስገድዳል፤ ይህን ያላለፈ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። ያ አዋጅ የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን ነው። የእኛ ገበሬ ግን የሚያገኘው የወረዳውን መሥሪያ ቤት ነው።

ስለዚህ ለወረዳና ለከተማ ምክር ቤት አባላት የምለው አለኝ። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት «ይህ የሚሽረው የትኛውን ነው? በቁጥርና በቀን ይጻፍ» ብላችሁ ጠይቁ። ካልተጻፈ አታጽድቁ። በየምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው በስሙ የሕግ ማህደር ኃላፊ ተብሎ ይመደብ፤ በዓመት አንድ ጊዜም፣ ከበጀቱ ጉባኤ ጋር፣ በሥራ ላይ ያሉትን ዝርዝር ያቅርብ። የቀበሌ ደንብ ሲጸድቅ ሁለተኛው ቅጂ ወረዳ ይቀመጥ፤ ስርዝ ድልዝ ካለበት ጉባኤው ይፈርምበት።

አንባቢ ሆይ፣ ከአባትህ ሣጥን ወይም ከቤትህ መደርደሪያ የቆየ ዝክረ ሕግ፣ የድሮ መመሪያ፣ የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ካለ አትጣለው። ወደ ወረዳህ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ውሰደው፤ የተሻረም ቢሆን ያስፈልጋል።