በሃይስኩል የተያዘ ክሬዲት ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ

በአሜሪካ ሃይስኩሎች የሚቀጥለው ዓመት ትምህርት የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ነው። ልጅ ቅጽ ይዞ ይመጣል፤ ከወላጅ የሚፈለገው ፊርማ ብቻ ነው። ቅጹ ላይ ኤፒ፣ አይቢ፣ ዱዋል ኢንሮልመንት የሚሉ ስሞች ተደርድረዋል። ከኢትዮጵያ የመጣ ወላጅ በጓደኛም በዘመድም የሰማው ነገር አለ፦ እነዚህ ከበድ ያሉ ትምህርቶች ናቸው፣ ያለፈባቸው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ጊዜና ገንዘብ ይተርፈዋል። ወሬው ውሸት አይደለም፣ ግን ጎደሎ ነው። ክሬዲቱ የሚቆጠረው ፈተናውን ያወጣው ድርጅት ወይም ሃይስኩሉ ስለፈለገ አይደለም። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ልጁ ገና ያልገባበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከዚያኛው ጫፍ ጀምሮ ማየት ይሻላል።

መጀመሪያ ክሬዲት ምን እንደሆነ እናጥራ። በአሜሪካ የባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ይጠይቃል። አንድ ኮርስ በተለምዶ 3 ክሬዲት ነው፤ ላብራቶሪ ያለው የሳይንስ ኮርስ 4 ይሆናል። በአራት ዓመት ለመጨረስ በየሴሚስተሩ 15 ክሬዲት ገደማ መውሰድ ያስፈልጋል። እንግዲህ ከሃይስኩል 30 ክሬዲት ይዞ የሚገባ ተማሪ በወረቀት ደረጃ አንድ ዓመት ቀድሟል ማለት ነው። በወረቀት ደረጃ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

ከመንገዶቹ ሁሉ የታወቀው ኤፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ተጀምሮ ኮሌጅ ቦርድ የተረከበው ሲሆን፣ ኤስ.ኤ.ቲን የሚያዘጋጀውም ይኸው ድርጅት ነው። ዛሬ ከካልኩለስና ከፊዚክስ እስከ ታሪክና ሥነ ልቦና ወደ 40 የሚጠጉ ትምህርቶች አሉት። ተማሪው ዓመቱን ሙሉ ሃይስኩሉ ውስጥ ይማራል፤ በሜይ ወር አገር አቀፍ ፈተና ይቀመጣል። አብዛኞቹ ፈተናዎች ምርጫም ተጽፎ የሚመለስ ጥያቄም አላቸው። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው፦ 3 ብቁ፣ 4 በደንብ ብቁ፣ 5 እጅግ ብቁ እንደ ማለት ነው። ክፍያው ለአንድ ፈተና ወደ 100 ዶላር ይጠጋል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ቅናሽ አለ፤ አንዳንድ ግዛቶችና ዲስትሪክቶችም ወጪውን ራሳቸው ይሸፍናሉ። በብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ክፍያ ከ1,000 ዶላር እንደሚበልጥ ካሰብን፣ ሒሳቡ ለምን እንደሚስብ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ አገር ቤት ማትሪክ የተፈተነ ወላጅ የሚሳሳትበት ቦታ አለ። የኤፒ ፈተና ማትሪክ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ መግባትና አለመግባትን አይወስንም፤ ለመግቢያ የሚያመለክት ተማሪ ውጤቱን ላለማሳወቅም ይችላል። 2 ያገኘ ልጅ የሚያጣው ክሬዲቱን እንጂ ዕድሉን አይደለም። ሃይስኩሉ የሚሰጠው የክፍል ውጤትና የሜይ ፈተና ውጤት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ክፍል ውስጥ ኤ ያገኘ በፈተናው 3 ሊያገኝ፣ ቢ ያገኘም 5 ሊያመጣ ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክቱ ትራንስክሪፕት ላይ የሚታየው የክፍሉ ውጤት ነው። ክሬዲት የሚያስገኘው ግን የፈተናው ነጥብ ነው፤ ክፍሉን ተምሮ ፈተናውን ያልተቀመጠ ልጅ ክሬዲት አያገኝም። በአንጻሩ ክፍሉን ሳይማር ራሱን አዘጋጅቶ መፈተን የሚችልበት በርም ክፍት ነው።

ታዲያ 3 ይበቃል ወይ? እንደ ቦታው ነው። ቴክሳስ፣ ኢሊኖይና ፍሎሪዳን የመሳሰሉ ግዛቶች የመንግሥት ኮሌጆቻቸው ለ3 እና ከዚያ በላይ ክሬዲት እንዲሰጡ በሕግ ደንግገዋል። ከዚህ ወጥቶ ስመ ጥር ወደሆኑት የግል ዩኒቨርሲቲዎች ሲኬድ በሩ እየጠበበ ይሄዳል። ብዙዎቹ 5ን ወይም 4ን ብቻ ይቀበላሉ፤ ያውም ለተወሰኑ ትምህርቶች። ዳርትመዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ ለኤፒ ክሬዲት መስጠት አቁሟል። ካልቴክም አይሰጥም። እንዲህ ያሉት ተቋማት ውጤቱን ቢጠቀሙበት እንኳ ተማሪውን ከፍ ካለ ኮርስ ለማስጀመር እንጂ ከ120ው ላይ ለመቀነስ አይደለም። ልጃችን ትልቅ ስም ያለው ትምህርት ቤት ይግባ እያሉ በኤፒ አንድ ዓመት እንቀንሳለን ብሎ ማቀድ፣ እንግዲህ፣ ሁለቱ ሐሳቦች እርስ በርሳቸው የሚጋጩበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዚያው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ቢሆን ጥያቄው አያልቅም። ክሬዲቱ የት ይገባል? ቆጠራው ላይ ብቻ የሚደመር፣ ማለትም በነፃ ምርጫ ኮርሶች ቦታ የሚቀመጥ ክሬዲት አለ፤ ለዲግሪው በግድ የሚፈለገውን ኮርስ የሚተካም አለ። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ኢንጂነሪንግ የሚያጠና ልጅ በሥነ ልቦናና በሰብዓዊ ጂኦግራፊ 6 ክሬዲት ቢይዝ፣ የኢንጂነሪንግ መርሐ ግብሩ ለነፃ ምርጫ ቦታ ከሌለው ክሬዲቱ ትራንስክሪፕቱ ላይ ተቀምጦ ይቀራል እንጂ አንድ ሴሚስተር እንኳ አያሳጥርም። በካልኩለስ ቢሲ 5 ያመጣ ግን በብዙ ቦታ ሁለት ሴሚስተር ካልኩለስ ይተካለታል፤ የኢንጂነሪንግ ሰንሰለት ደግሞ ከካልኩለስ ስለሚጀምር ትርፉ እውነተኛ ነው። በወረቀት ደረጃ ያልኩት ይህንን ነበር።

ሐኪም ለመሆን የሚያስብ ልጅ ያለበት ቤት (የእኛ ቤቶች ውስጥ ደግሞ የሌለበት ይኖራል?) ሌላም ነገር ልብ ይበል። ዩኒቨርሲቲው የኤፒ ባዮሎጂና ኬሚስትሪን ተቀብሎ ሳለ፣ በኋላ የሚያመለክቱባቸው አንዳንድ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለቅድመ ሁኔታ ኮርሶች የኤፒ ክሬዲት አይቀበሉም፤ ትምህርቱን በዩኒቨርሲቲ መማሩን፣ ወይም ከፍ ያለ ደረጃ ያለውን ኮርስ መውሰዱን ማየት ይፈልጋሉ። መሠረታዊ ኬሚስትሪን ዘሎ ቀጥታ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ውስጥ መግባትም ቀላል ነገር አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ክሬዲቱን ትቶ ኮርሱን እንደገና እንዲወስድ ይፈቅዳሉ፤ ያኔ ግን የኤፒው ክሬዲት አብዛኛውን ጊዜ ይሰረዛል።

ሁለተኛው መንገድ ዱዋል ኢንሮልመንት ነው፤ ሃይስኩል ሳሉ እውነተኛ የኮሌጅ ኮርስ መውሰድ። ለዚህ መንገድ ጥርጊያውን ያወጣችው ሚኒሶታ ናት፤ ፒ.ኤስ.ኢ.ኦ. የሚባለውን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ1985 ጀመረች። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ በተወሰነ ደረጃም የ10ኛ ክፍል፣ የትምህርት ክፍያና መጽሐፍ ሳይከፍል ኮሌጅ ይማራል። ዋሺንግተን ግዛት ራኒንግ ስታርት የተባለ ተመሳሳይ መርሐ ግብር አላት፤ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያለ ትምህርት ክፍያ ይማራሉ፣ አንዳንዶቹም ከሃይስኩል ሲመረቁ የሁለት ዓመቱን አሶሺዬት ዲግሪ አብረው ይወስዳሉ። ሚኒያፖሊስና ሲያትል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ስለሆኑ፣ እነዚህን ሁለት ስሞች ማወቅ ለእኛ ሰው የተለየ ጥቅም አለው። በቨርጂኒያ ኖቫ የተባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ በሜሪላንድም ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሃይስኩል ተማሪዎችን ይቀበላሉ። ክፍያው ግን እንደ ግዛቱና እንደ ካውንቲው ይለያያል፤ ጎረቤት ነፃ ተማረ ማለት እኛም ነፃ እንማራለን ማለት አይደለም።

ኤፒና ዱዋል ኢንሮልመንትን ጎን ለጎን ሲያዩ፣ የቀረበልን ምርጫ በአንድ ፈተና መመዘንና በአንድ ሴሚስተር ሥራ መመዘን ይመስላል። ይህ እውነት ነው፤ የፈተና ፍርሃት ለሚይዘው ልጅ ሁለተኛው ይቀላል። ዋናው ልዩነት ግን ሲወድቁ ነው የሚታየው። የኤፒ መጥፎ ነጥብ ሊደበቅ ይችላል። የኮሌጅ ኮርስ ውጤት ግን በ16 ዓመትም ቢገኝ ቋሚ የኮሌጅ ትራንስክሪፕት ነው። ዲ ወይም ኤፍ ያገኘ ልጅ፣ ወይም ኮርሱን ጀምሮ ከጊዜው በኋላ ያቋረጠ፣ ያ ምልክት ወደፊት ሲያመለክት፣ ለማስተርስም ቢሆን፣ ይከተለዋል። የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ለማግኘት የሚታየው የትምህርት እድገት መለኪያ ውስጥም ሊቆጠር ይችላል። እኔ ብጠየቅ፣ ብዙ ሥራ ላለበት ወይም ገና ለአገሩ አዲስ ለሆነ ልጅ መጀመሪያ አንድ የኮሌጅ ኮርስ ብቻ እንዲሞክር እመክራለሁ።

ወላጅን የሚያስደነግጥ ሌላ ነገርም አለ። ልጁ የኮሌጅ ተማሪ ከሆነ ጀምሮ፣ ዕድሜው 18 ባይሞላም፣ ፌርፓ በሚባለው የፌዴራል ሕግ የኮሌጅ መዝገቡ ባለቤት ራሱ ነው። ኮሌጁ ደውሎ የልጄ ውጤት ምን ሆነ ለሚል ወላጅ ያለ ልጁ ፈቃድ የመናገር ግዴታ የለበትም። የልጁ የፈቃድ ፊርማ ቀድሞ ቢገባ ይሻላል።

የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ክሬዲት በዚያው ግዛት ወዳለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ በአብዛኛው ሳያስቸግር ያልፋል፤ ብዙ ግዛቶች የዝውውር ስምምነት አላቸው። ከግዛት ሲወጣ ወይም ወደ ግል ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ነው ጥያቄ የሚበዛው። አንዳንዶቹ ኮርሱ የተሰጠው ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ነው ወይስ ሃይስኩሉ ክፍል ውስጥ ብለው ይጠይቃሉ፤ ለሃይስኩል ዲፕሎማ የተቆጠረውን ኮርስ የማይቀበሉም አሉ። የኮርሱን ዝርዝር (ሲላበስ) ማስቀመጥ እዚህ ላይ ይረዳል። ስንት ክሬዲት ቢይዝም ልጁ ለመግቢያና ለስኮላርሺፕ በአብዛኛው የሚያመለክተው እንደ አንደኛ ዓመት ተማሪ መሆኑን ደግሞ እናስታውስ፤ ዝውውር ተማሪ ይባላል ብሎ መስጋት አያስፈልግም።

አይቢን በአጭሩ ልንገር። እ.ኤ.አ. በ1968 ጄኔቫ ላይ የተመሠረተ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥም ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩል ያስተምረዋል። እያንዳንዱ ትምህርት እስከ 7 ይመዘናል፣ ሙሉው ዲፕሎማ እስከ 45። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ክሬዲት የሚሰጡት በዋናነት ለከፍተኛው ደረጃ ትምህርቶች ነው፤ መደበኛውን ደረጃ ብዙዎቹ ያልፉታል። ልጁ ስድስት ትምህርት መርጦ የትኛው በየትኛው ደረጃ እንደሚሆን ሲወስን ይህ ቢታወቅ ጥሩ ነው።

በኤፒ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም። ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ላቲን ሳይቀር አለ። ሆኖም አማርኛ የሚያውቅ ልጅ ባዶ እጁን አይቀርም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2011 በሕግ የጀመረችው፣ በኋላ በመላ አገሪቱ የተስፋፋው የሁለት ቋንቋ ማኅተም እንግሊዝኛንና ሌላ ቋንቋን በሚገባ ለሚያውቅ የሃይስኩል ተማሪ ይሰጣል። ለማኅተሙ ችሎታን ለማሳየት የሚያገለግለው፣ አቫንት የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው ስታምፕ የተሰኘ ፈተና በአማርኛም አለ። ሚኒሶታ ከዚህ አልፋ፣ ሚኒሶታ ስቴት በሚባለው ሥርዓት ውስጥ ያሉ የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ለማኅተሙ የቋንቋ ክሬዲት እንዲሰጡ ደንግጋለች፦ ለወርቃማው ደረጃ የሦስት ሴሚስተር፣ ለፕላቲነሙ ደረጃ የአራት ሴሚስተር ያህል። ተማሪው ራሱ መጠየቅ አለበት፤ ከሃይስኩል ከተመረቀ በኋላም የጊዜ ገደብ አለው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው፤ የራሱን ደንብ ራሱን መጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ ልጆቻችንን የሚጥላቸው መናገሩ አይደለም። ፈተናው መጻፍንም ይለካል። ከእናቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ቃል የማይጎድለው ልጅ ፊደል ካልቆጠረ መጻፉ ላይ ይወድቃል። በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጠው የፊደል ትምህርት፣ ብዙ ልጅ በ12 ዓመቱ የሚያቋርጠው፣ በተወሰኑ ግዛቶች የዶላር ዋጋ አለው ማለት ነው። በአንጻሩ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ከኢትዮጵያ የመጣ ልጅ እንግሊዝኛው ገና ሳለ አማርኛውን ይዞ ሊፈተን ይችላል። ሂሳብም እንዲሁ ነው፦ ጠንካራ ሂሳብ ይዞ የመጣን ልጅ ካውንስለሩ በእንግሊዝኛው ምክንያት ዝቅ ያለ ክፍል ከመደበው፣ ወላጅ ቀርቦ ለካልኩለስ የሚያበቃው መስመር ላይ እንዲገባ መጠየቅ ይችላል፣ ይገባዋልም።

ለወላጆች ራሳቸው የሚሆን መንገድም አለ። ክሌፕ የሚባለው የኮሌጅ ቦርድ ፈተና ዕድሜ አይጠይቅም። ነጥቡ ከ20 እስከ 80 ነው፣ በተለምዶ የሚፈለገው 50 ነው፤ ዓመቱን ሙሉ መፈተን ይቻላል። ሞደርን ስቴትስ የተባለ በጎ አድራጊ ድርጅት በኢንተርኔት ነፃ ትምህርት ይሰጣል፣ ደንቡን ተከትሎ ለጨረሰ ሰውም የፈተናውን ክፍያ የሚሸፍን ቫውቸር ያቀርባል። ቀን እየነዳ ማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚማር አባት፣ ሁለትና ሦስት ኮርስ በዚህ መንገድ ማለፍ ትንሽ ነገር አይደለም። የሚማርበት ኮሌጅ ክሌፕን እንደሚቀበል አስቀድሞ ሬጂስትራሩን መጠየቅ አለበት።

የቀረው የቀን ጉዳይ ነው። የኤፒ ፈተና የሚካሄደው በሜይ ቢሆንም ምዝገባው በፎል ነው፤ የሚያስመዘግበውም የሃይስኩሉ የኤፒ አስተባባሪ ነው። ውጤቱ በጁላይ ይወጣል። ተማሪው በየዓመቱ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ማስላክ ይችላል፤ ለዚህ ግን ተቀባዩን በጁን ቀኑ ሳያልፍ መምረጥ አለበት፣ ከዚያ በኋላ ይከፈልበታል። የዱዋል ኢንሮልመንት ውጤት ደግሞ ሃይስኩሉ ከሚልከው ትራንስክሪፕት ጋር አብሮ አይሄድም፤ ከኮሌጁ ለብቻው መላክ አለበት። ብዙ ተማሪ የአንደኛ ዓመት ኮርሶቹን የሚመርጠው የኤፒ ውጤቱ በወጣበት ሰሞን በኦሪየንቴሽን ላይ ነው። ነጥቡ ዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ ገና ካልገባ፣ ውጤቱን አትሞ ይዞ መሄድና ለአማካሪው ማሳየት፣ ክሬዲት ያለውን ኮርስ እንደገና ከመመዝገብ ያድናል።