የሚያቀላው ቅባት ቀለም ሠሪውን ሲገድል

ካኔቦ የተባለው የጃፓን የመዋቢያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ሮዶደንድሮል የተባለ ቆዳ አቅሊ ንጥረ ነገር ያለባቸውን ቅባቶቹን ከገበያ ሰበሰበ። ቅባቶቹን ሲጠቀሙ የነበሩ ሰዎች ፊታቸው፣ አንገታቸውና እጃቸው ላይ ለምጽ የመሰለ ነጭ ምልክት ወጥቶባቸው ነበር፤ የተጎጂዎቹ ቁጥርም ከ19 ሺህ በላይ ደረሰ። ምርቱ ፈቃድ የነበረው ሲሆን ሮዶደንድሮልም ከዕፅዋት የሚገኝ ነው። «ተፈጥሯዊ ነውና አይጎዳም» የሚለው ማጽናኛ እዚህ ላይ አልሠራም።

ምክንያቱ የታወቀው በብልቃጥ ባደጉ ሕዋሳትና በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርምር ነው። ተራ አይጥ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ቀለም ሠሪ ሕዋሶቹ በብዛት የሚገኙት በፀጉሩ ሥር እንጂ እንደ ሰው በላይኛው ቆዳ ላይ አይደለም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፀጉር አልባ የሆኑና በላይኛው ቆዳቸው ቀለም ሠሪ ሕዋስ እንዲኖራቸው ዘረመላቸው የተቀየረ አይጦችን ተጠቀሙ። ሮዶደንድሮል ሲቀቧቸው ጀርባቸው ነጣ፤ ቆዳው በማይክሮስኮፕ ሲታይም ቀለም ሠሪ ሕዋሶቹ ተመናምነው ተገኙ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ታይሮሲኔዝ የተባለው ኢንዛይም ታይሮሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ቀለም ይለውጣል። ሮዶደንድሮል ታይሮሲንን ስለሚመስል ኢንዛይሙን ያታልለዋል፤ ቀለም ማምረቱን ያዘገያል፤ ራሱም በዚያው ኢንዛይም ተለውጦ መርዝ ይሆናል። በብልቃጥ ውስጥ የኢንዛይሙ መጠን ሲቀነስ ጉዳቱም መቀነሱ ይህን ያረጋግጣል። ስለዚህ ማቅላቱና መግደሉ የሚጀምሩት ከአንድ በር ነው።

«አይጥ ሰው አይደለም፤ የተቀባውም መጠን ከፍተኛ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ እንስሳ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ግን ሰው ቀድሞ መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ1939 የአሜሪካ ሐኪሞች የላስቲክ ጓንት አድርገው በሚሠሩ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች እጅ ላይ ቀለም መጥፋቱን ዘገቡ። ጥፋተኛው ላስቲኩ እንዳያረጅ የተጨመረ፣ ሃይድሮኪኖን ለተባለው ቆዳ አቅሊ ንጥረ ነገር ዘመድ የሆነ ኬሚካል ነበር። ከዓመታት በኋላ ሃይድሮኪኖንና ዘመዶቹ የጥቁር ጊኒ ፒጎችን ቆዳ አነጡ። «ከካኔቦ ቅባት ተጠቃሚዎች የተጎዳው ከመቶ ሁለት ያህሉ ብቻ ነው» የሚልም አለ። ሆኖም ቅባቱን ሲገዛ ከሁለቱ አንዱ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ብዙዎች ቅባቱን ሲያቆሙ ቀለማቸው ተመልሷል፤ ያልተመለሰላቸውም አሉ። ስለዚህ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ቅባት አትቀቡ፤ ቆዳችሁ ላይ ነጭ ምልክት ካያችሁ በዚያው ቀን አቁማችሁ የቆዳ ሐኪም አማክሩ።