ሞተር ሳይክል እንደ ዩኒፎርም አይገዛም

እዚህ ናይሮቢ ጃምሁሪ ፓርክ የሞቶክሮስ ውድድር ያየ ልጅ «ሞተር ግዙልኝ» ማለቱ አይቀርም። ዩኒፎርም «ያድግበታል» ብለን ሰፋ ያለውን እንገዛለን፤ ሞተር ሳይክል ግን ለዛሬ ቁመቱ የሚሆን ነው። ተቀምጦ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ካልረገጡ ሲያዘነብል ሊደግፈው አይችልም። ለጀማሪ እንደ ያማሃ ፒደብሊው 50 ያለ፣ ማርሽ የማያስቀይርና ወላጅ ፍጥነቱን በቪት የሚገድብበት ይመረጣል።

ልጁ አስቀድሞ በብስክሌት ሚዛን ይልመድ። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ እየተገፋ ፍሬን መያዝ ይማር፤ ማቆም ያልቻለ ነዳጅ አይስጥ። ሄልሜት፣ መነጽር፣ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ የደረትና የጉልበት መከላከያም በልኩ ይሁኑ። መለማመጃው ከመኪና የራቀ ሜዳ ይሁን። «ደከመኝ» ሲል የዚያን ቀን ይብቃው፤ የዛለ እጅ ፍሬን አይጨብጥም።