የዘገየው ልጅና ያልተመረመረው ባል

ትዳር ሁለት ሦስት ዓመት ሞልቶት ልጅ ሳይታይ ሲቀር ጥያቄው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በሚስቲቱ ላይ ነው። አማት ትጠይቃታለች፤ ጎረቤት ይጠይቃታል፤ እጅ እንዲጫንላት ወደ ፊት የምትወጣውም እርሷ ናት። እዚህ በዓይናለም አብረውኝ ከሚጸልዩ እህቶች መካከል አልትራሳውንድ ደጋግመው የተነሡ፣ የማኅፀን ቱቧቸው በራጅ የታየ፣ የሆርሞን ክኒን ለወራት የዋጡ አሉ። “ባለቤትሽስ ተመርምሯል?” ሲባሉ “እርሱማ ጤነኛ ነው” ይላሉ።

ጤነኛነቱ በምን ታወቀ? ብዙውን ጊዜ መልሱ በአልጋ ላይ ችግር የለበትም የሚል ነው። ውድ አንባቢያን፣ እነዚህ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ወንድ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ምንም ሳይጎድለው፣ ፈሳሹም እንደ ማንኛውም ሰው ሆኖ ሳለ በውስጡ አንድም የዘር ሕዋስ ላይኖር ይችላል። በዓይን አይታይም፤ የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰዎች 1 ያህሉ በዕድሜው ውስጥ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል። ልጅ ከዘገየባቸው ባለ ትዳሮች ግማሽ ያህሉ ዘንድ ደግሞ ምክንያቱ በከፊልም ሆነ በሙሉ በወንዱ በኩል ይገኛል።

መጽሐፍ ቅዱሳችንም ይህን አልሸሸገውም። ዘዳግም 7፥14 መካንነትን ሲያነሣ ሴቲቱን ብቻ ሳይሆን ወንዱንም ይጠራል። ስለ ሐና ስንሰብክ ደግሞ የምንዘለው ነገር አለ፤ ሕልቃና ከፍናና ልጆች ነበሩት። የእርሱ ነገር አስቀድሞ ታውቋል። የእኛዎቹ ባሎች የታወቀላቸው ምን አለ?

የወንድ ዘር በአንድ ሌሊት አይሠራም። አንድ የዘር ሕዋስ ከጅማሬው እስኪበስል 74 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ወጥቶ እስኪገኝ ደግሞ ሦስት ወር ይጠጋል። ስለዚህ ዛሬ የተመረመረ ወንድ የሚያየው የዛሬ ሦስት ወር የነበረውን ኑሮውን ነው። ከሁለት ወር በፊት ወባ ወይም ታይፎይድ በብርቱ ትኩሳት ጥሎት ከነበረ ውጤቱ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ይህ ግን ዘላቂ ላይሆን ይችላልና ይደገማል። ሲጋራ ያቆመም በሳምንቱ ለውጥ አይጠብቅ።

ሙቀት ዋነኛ ጠላት ነው። ቆለጥ (በስሙ እንጥራው፣ ሐኪም ቤት ስንሄድ ማፈሩ አይጠቅመንም) ከሰውነት ውጪ የተንጠለጠለው በምክንያት ነው፤ ከቀረው ሰውነት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። ቀኑን ሙሉ ከእቶን ፊት የሚቆም ዳቦ ጋጋሪ፣ ብረት የሚያቀልጥና የሚበይድ ሠራተኛ፣ ከመቀሌ አዲስ አበባ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ይህን ለሐኪሙ ይንገር። ላፕቶፕ ጭን ላይ አስቀምጦ ማምሸትም ጥሩ አይደለም።

ከሙቀት ጋር የሚያያዝ አንድ ሕመም አለ፤ ቫሪኮሲል ይባላል። በቆለጥ ከረጢት ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች፣ ብዙውን ጊዜ በግራ በኩል፣ ያብጣሉ። ከ100 ወንዶች በ15ቱ ያህል ላይ ይገኛል፤ የመውለድ ችግር ባለባቸው ዘንድ ቁጥሩ ከእጥፍ ይበልጣል። በብዙዎች ላይ ሕመም የለውምና ሳይታወቅ ይኖራል። ለአንዳንዶች በቀዶ ጥገና ይስተካከላል።

ጨብጥና ክላሚዲያ ሳይታከሙ ሲቀሩ የዘር መተላለፊያውን ቱቦ ይደፍኑታል። ከጋብቻ በፊት የሆነ ነገር ነው ብሎ ዝም ማለት ሚስትን ያለ ጥፋቷ ለዓመታት ማስመርመር ነው። ጎረምሳ ከሆኑ በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍም ቆለጥን ሊያቆስል ይችላል። ስኳር በሽታን ደግሞ እኛ የመቀሌ ሰዎች በተለይ ልናስብበት ይገባል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በዓይደር ሆስፒታል ሳይቀር ኢንሱሊን ጠፍቶ ነበር። ለረጅም ጊዜ ያልተቆጣጠሩት ስኳር ነርቭን ሲጎዳ ፈሳሹ ወደ ውጪ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ ሊመለስ ይችላል። በዚያ ዘመን ሕክምናው የተቋረጠበት ወንድም ይህን አንሥቶ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ስለ ሲጋራና ስለ መጠጥ በጸሎት ቤት ብዙ ተብሏል፤ እኔ አልደግመውም። ጫትም የዘር ሕዋስን ቅርጽና እንቅስቃሴ እንደሚጎዳ በቃሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል። ብዙ ያልተባለለት የጂም ቤቱ መርፌ ነው። ጡንቻ እንዲያወጣ ቴስቶስትሮን የሚወጋ ወጣት ወንድነቱ የጨመረ ይመስለዋል፤ አንጎሉ ግን ሆርሞኑ በዝቷል ብሎ ቆለጡን ሥራ ያስፈታዋል። መርፌውን ካቆመም በኋላ ዘሩ እስኪመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ጥቁር አዝሙድ በማር የሚያዝዙልን አዛውንቶች ቢያንስ ይህን ያህል አይጎዱም።

ምርመራው ከሴቷ ምርመራ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ የዘር ፈሳሽ መስጠት ነው። ወንድሞቻችን የሚሸሹት ግን ናሙናው በሚሰጥበት መንገድ ምክንያት መሆኑን አውቃለሁ፤ ኅሊናቸው ይከለክላቸዋል። ሚስት ባለችበት፣ በቤት ውስጥ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ላብራቶሪውን መጠየቅ ነውር የለበትም። ናሙናው ሳይቀዘቅዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። ተራ ኮንዶም የዘር ሕዋሱን ስለሚጎዳ አይሆንም፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ልዩ ኮንዶም አለ። የመጀመሪያው ጠብታ በዘር የበለጸገ ስለሆነ ከፈሳሹ ምንም መፍሰስ የለበትም።

በዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ መሠረት የታችኛው መለኪያ በ1 ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ሕዋስ ነው። ከዚህ በታች መሆን አይወልድም ማለት አይደለም፤ ከዚህ በላይ መሆንም ዋስትና አይደለም። ውጤቱ ካላማረ እንደገና ይመረመራል እንጂ በአንድ ወረቀት አይፈረድም። ጨርሶ ባዶ ቢሆን እንኳ ሐኪሙ ቱቦው ተደፍኖ ነው ወይስ ምርቱ ቆሞ የሚለውን ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ አንድ የዘር ሕዋስ ወደ አንድ እንቁላል በመርፌ አስገብቶ ማስፀነስ ተችሏል። በአገራችንም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል በአዲስ አበባ ከፍቷል።

ውጤቱን ለመስማት ባልና ሚስት አብረው ይግቡ። ችግሩ በባል በኩል ቢሆን ለእናቱ የሚነግራት እርሱ ራሱ ይሁን፤ ሚስቲቱ ስድስት ዓመት የተሸከመችውን ስም ከላይዋ የሚያነሣው ሌላ የለም።

ወንድ ልጅ ለወለዳችሁ እናቶች ደግሞ፦ ሕፃኑን ስታጥቡ ሁለቱም ቆለጦች መውረዳቸውን እዩ። እስከ 6 ወር ያልወረደ ካለ ለሐኪም ይታይ። ቀዶ ጥገናው አንድ ዓመት ተኩል ሳይሞላው ቢደረግ ይመረጣል፤ ሲዘገይ የሚጎዳው በኋላ አባት የመሆን ዕድሉ ነው።